"ማቆሚያ አለው?" - ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልል ትምህርት ቢሮዎች

ይድረስ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልል ትምህርት ቢሮዎች የሥራ ኃላፊዎች፤

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ከመላክ ይልቅ በአደባባይ የምጽፈው የሥራ ባልደረቦቼም ወላጆችም እንዲያነቡት ስለምፈልግ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ ተቀምጠን ነበር። አሠልጣኙ ወጣት፣ ትጉህና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ወደፊት በየክፍሉ ስለሚገባው ዲጂታል ሰሌዳ፣ በየተማሪው እጅ ስለሚደርሰው ታብሌት፣ መምህሩን ስለሚያግዘው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሥዕል እያስደገፈ ሲያስረዳን ቆየና ጥያቄ እንድናቀርብ ዕድል ሰጠን። ከአጠገቤ የተቀመጡት፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው የፊዚክስ መምህር እጃቸውን አወጡ።

"ማቆሚያ አለው?" አሉ።

አሠልጣኙ አልገባውም። ወጣቶቹ መምህራንም እርስ በርስ ተያዩ። በፕላዝማ ዘመን ክፍል ውስጥ የቆምን ሁሉ ግን ጥያቄው አጥንታችን ድረስ ተሰማን። አዳራሹ ውስጥ መልስ ሳያገኝ ስለቀረ እኔ ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ።

ዘመኑን ላላዩት ላስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተከለ። ትምህርቱ የተቀረጸው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የሚሠራጨው በሳተላይት ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ሲሆን ለመምህሩ የሚቀረው መግቢያውና መዝጊያው ነበር። ሐሳቡ ከክፋት አልመነጨም። ብቁ መምህር ባልደረሰበት ወረዳ የሚማር ልጅ የከተማው ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት በዚያው ሰዓት እንዲያገኝ ታስቦ ነው። በዚያ ሐሳብ ላይ ዛሬም ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ክፍሉ ውስጥ ነው። መምህር ሆኜ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ክፍሌ ከስልሳ በላይ ተማሪዎች ነበሩት። በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆነው ይቀመጣሉ። በሰዓቱ የብረት ሣጥኑን በቁልፍ እከፍትና ቴሌቪዥኑን አበራለሁ። አቅራቢዋ ትመጣለች። ስለ ኳድራቲክ እኩልታ ጥቂት ካስረዳች በኋላ ጥያቄ ታቀርብና እንድንሞክረው ትጋብዘናለች። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ጥያቄውን መገልበጥ ይጀምራሉ። ግማሾቹ ገልብጠው ሳይጨርሱ ስክሪኑ ይለወጣል፣ መልሱ ይመጣል፣ አቅራቢዋም "በጣም ጥሩ!" ብላ ታመሰግናቸዋለች። ማን እንደሠራው ሳታይ የምታቀርበው ያ ምስጋና ዛሬም በጆሮዬ አለ። ልጆቹ እርሳሳቸውን አንሥተው ወደ እኔ ይመለከታሉ። "ቲቸር፣ አንዴ ይቁምልን።"

ማጥፋት እችላለሁ። ማቆም ግን አልችልም። ካጠፋሁት ትምህርቱ እኛን ትቶ ይሄዳል፤ የነገው የሚነሣው ዛሬ ካበቃበት ነው። መብራት ሲጠፋም እንደዚያው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመለስ አቅራቢዋ ሌላ ምዕራፍ ውስጥ ትገኛለች።

በሰኔ ወር ደብተር ሰብስቤ ሳርም ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ የአንዲት ጎበዝ ልጅ ደብተር እጄ ገባ። ጽሑፏ ንጹሕ ነው፤ ቀንና ርዕስ በቀይ ተሰምሯል። ከየርዕሱ ሥር ግን ጥያቄዎቹ ሁሉ መሐል ላይ ይቆማሉ። "ኤክስ ካሬ ሲደመር" ይልና ያበቃል፤ ከዚያ አራት ባዶ መስመር፣ ከዚያ የሌላ ጥያቄ መጀመሪያ። ባዶዎቹን መስመሮች የተወችው በኋላ ከሰው ጠይቃ ልትሞላቸው ነበር። የምትጠይቀው ልጅ ደብተርም እንደ እሷው ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድም ክፍለ ጊዜ ያልቀረች ተማሪ አንድም ሙሉ ጥያቄ የሌለበት ደብተር ይዛ ክፍል ጨረሰች።

ማስተማር በአብዛኛው ማቆም ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። የሚያውቁትን ነገር በተከታታይ መናገር ከባድ አይደለም። ከባዱ ከኋላ ረድፍ አንዱ ግንባሩን ሲቋጥር አይቶ ዓረፍተ ነገርን መሐል ላይ ማቋረጥ፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ በሌላ መንገድ መሞከር፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። አንድ መሣሪያ ይህን ከመምህሩ እጅ ከወሰደ ምስሉ የቱንም ያህል ቢያምር የወሰደው ይበልጣል።

ፕላዝማው የሰጠንን ደግሞ አልክድም። ባልደረባዬ የኬሚስትሪ መምህር ቤተ ሙከራው ባዶ በሆነበት ትምህርት ቤት ሶዲየም ውኃ ላይ ተጥሎ ሲነድ ለተማሪዎቹ ማሳየት የቻለው በእሱ ነው። ልጆቹ ለሳምንት ስለዚያ አወሩ። እኔም ኮን በቢላዋ ሲቆረጥ የሚሰጠውን ቅርጽ ያየሁት እዚያ ነው። በማግስቱ ከገበያ ካሮት ገዝቼ ክፍል ገባሁ። አግድም ስቆርጠው ክብ፣ ሰያፍ ሳደርገው ሞላላ። ከዚያ ወዲህ ያንን ትምህርት ያለ ካሮት አስተምሬው አላውቅም። ሐሳቡን ያገኘሁት ከስክሪኑ ነው፤ ለተማሪዎቼ የደረሰው ግን ካሮቱን እያዞሩ፣ እየቆረጡ፣ እየተሟገቱ በወሰዱት ጊዜ ውስጥ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ መዋል በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመን። መጽሐፉ ታትሞ በጊዜ አልደረሰም፤ በፒዲኤፍ ተለቀቀና በቴሌግራም ተቀባበልነው። ከስልሳ ተማሪዎቼ መጽሐፉን በስልክ ማግኘት የሚችሉት እጃቸውን እንዲያወጡ ስጠይቅ ከሁለት ረድፍ የሚበልጡ አልነበሩም። ከእነዚያ አንዱ በታላቅ ወንድሙ ስልክ የሚያነብ ልጅ ነው። ወንድሙ ባጃጅ ይነዳል፤ ቤት የሚገባው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ከዚያ ጀምሮ ባትሪው እስኪያልቅ ያነባል። ስለ ጂኦሜትሪ የቤት ሥራ ለምን አልሠራህም ብዬ ብቆጣው እንዲህ አለኝ፦ "ቲቸር፣ ሥዕሉን ሳየው ጥያቄው ይጠፋኛል፤ ጥያቄውን ሳየው ሥዕሉ ይጠፋኛል።" ስልኩን ተቀብዬ ሞከርኩት። እውነቱን ነው። የሦስት ማዕዘኑ ሥዕል አንድ ገጽ ላይ ነው፣ ጥያቄዎቹ ቀጣዩ ገጽ ላይ፤ መዳፍ በምታህል ስክሪን ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አይቻልም። መጽሐፍ ቢሆን ገልጦ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሥዕሎቹን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ሁሉም በደብተሩ እንዲገለብጥ አደረግሁ፤ በዚህም የብዙ ሳምንት ክፍለ ጊዜ አለቀ። መጽሐፍ በሌለበት ፒዲኤፍ ከምንም ይሻላል። ፒዲኤፍ ስለተለቀቀ መጽሐፍ ደርሷል ማለት ግን አይደለም።

እናንተ ዘንድ ብዙ ጥናት እንዳለ አውቃለሁ። ሆኖም ለመሣሪያ ግዢ የሚቀርቡ ሰነዶች ላይ እምብዛም የማይነሡ ጥቂት ነገሮችን ልጥቀስ። ፔሩ "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" (ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ) ከተባለው ድርጅት ያገኘቻቸውን ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፖች ለልጆቿ አከፋፍላ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገሮች የልማት ባንክ ተመራማሪዎች የቀረበው፣ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተካሄደው ግምገማ በሒሳብም በቋንቋም ፈተና ላይ ለውጥ አላገኘም። በእኛም አገር ያንኑ ላፕቶፕ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ተቀብለዋል። በዚያው ድርጅት አማካይነት በ2004 ዓ.ም. በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ያለ አስተማሪ ታብሌት ተሰጣቸው። ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱት፣ አበሩት፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ይዘምሩ ጀመር ተባለና ዜናው ዓለምን ዞረ። የልጆቹ ብልሃት አይገርመኝም፤ የአገሬ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ፊደል መዘመር ማንበብ አይደለም፣ መሣሪያ ማብራት መማር አይደለም። በዜናው ውስጥ የጎደለው ደግሞ ልጁ ሲሳሳት "ቆይ፣ እንደገና በለው" የሚለው ሰው ነው።

ቴክኖሎጂ አይጠቅምም ለማለት ይህን እንዳላመጣሁት የሚያሳየው የዴልሂ ጉዳይ ነው። ሕንድ ውስጥ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሰጥ በኮምፒውተር የታገዘ ማጠናከሪያ በጥንቃቄ ተጠንቶ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አራት ወር ተኩል ብቻ ተምረው ልጆቹ በሒሳብም በሂንዲም ከሌሎቹ በግልጽ ቀደሙ። ምስጢሩ ምንድን ነው? የ6ኛ ክፍል ተማሪዎቹ በሒሳብ በአማካይ ከክፍላቸው ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ የቀሩ ነበሩ። ፕሮግራሙ ግን 6ኛ ክፍል ናችሁ ብሎ የ6ኛ ክፍል ጥያቄ አልደረደረላቸውም። እያንዳንዱን መዝኖ ከቆመበት ጀመረ፤ ሳይገባው አላለፈም፤ ከጎኑም ጥቂት ልጆችን ሰብስቦ የሚረዳ ሰው ነበር። ፕላዝማውና የዴልሂው ፕሮግራም ሁለቱም ስክሪን ናቸው። አንዱ ልጁን ይጠብቃል፣ ሌላው አይጠብቅም።

ጎረቤታችን ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. በጀመረችው የንባብ ፕሮግራም ታብሌቱን የሰጠችው ለልጆቹ አይደለም። ለልጆቹ የሰጠችው ለእያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ ዝርዝር መምሪያ ነው። ታብሌቱ የደረሰው ክፍል እየገቡ መምህራንን ለሚደግፉት ባለሙያዎች ሲሆን በእሱ ልጆቹ ሲያነቡ ይመዘግቡና ለመምህሩ እዚያው ምክር ይሰጡበታል። በኮሮና ዘመን ደግሞ ቦትስዋና ውስጥ በተደረገ ሙከራ ለወላጆች የጽሑፍ መልእክት ብቻ መላክ ልጆቹን ብዙም አልጠቀመም፤ ከመልእክቱ ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ስልክ ተደውሎ ልጁ ሒሳቡን እንዲሠራ ሲደረግ ግን ለውጥ መጣ። ተራ የእጅ ስልክ፣ ኢንተርኔት እንኳ የማያስፈልገው። እኛ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤት ዘግተን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስናስተምር ይህን ብናውቅ ኖሮ እኔ ራሴ ስልክ ያላቸውን ተማሪዎቼን እየደወልኩ አስጠና ነበር። አልደወልኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ከራሴ ክፍል ላሳያችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ አገር የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ያገለገለ ፕሮጀክተር ላከልን። ላፕቶፑ የእኔ ነው። ጂኦጀብራ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ስለ ፓራቦላ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ ስለሚከፈተው ኩርባ፣ ሳስተምር መጀመሪያ ፕሮጀክተሩን አላበራም። የ"ኤክስ ካሬ"ን ግራፍ በጠመኔ እሥልና እጠይቃለሁ፦ ከፊቱ ያለው ቁጥር ከ1 ወደ 3 ቢያድግ ቅርጹ ይሰፋል ወይስ ይጠባል? ሁሉም በደብተሩ ይሥላል። ከዚያ እጅ እናወጣለን። አብዛኛው "ይሰፋል" ይላል፤ ቁጥሩ ስላደገ። ባለፈው ዓመት ከኋላ በኩል አንዲት ልጅ ብቻዋን "ይጠባል" ብላ ቆመች። ለምን ቢሏት ማስረዳት አቃታት፤ ግን አልተቀመጠችም።

ያን ጊዜ ነው ፕሮጀክተሩን ያበራሁት። ቁጥሩን ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግሁት። ፓራቦላው ተሰበሰበ፣ ጠበበ። ክፍሉ ተንጫጫ። እዚያው ላይ አቆምኩት። "ለምን?" አልኩ። አስር ደቂቃ ፈጀብን። ልጅቱ ወደ ሰሌዳው ወጥታ የቁጥር ሠንጠረዥ ሠራች፣ አንዱ አረማት፣ ሌላው ደገፋት፤ በመጨረሻ ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ዝምተኛ ልጅ "ቶሎ ስለሚወጣ ነዋ! ወደ ላይ ሲቸኩል ወደ ጎን ጊዜ የለውም!" አለ። በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ማብራሪያ ከእኔ አፍ ወጥቶ አያውቅም። ከ40 ደቂቃው ስክሪኑ የበራው ምናልባት አምስቱን ነው። በሌላኛው ክፍል በዚያው ቀን መብራት አልነበረም፤ ያንኑ ትምህርት በጠመኔ አስተማርኩት። ሁለት ክፍለ ጊዜ ወሰደ እንጂ ገባቸው። መሣሪያው ያተረፈልኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ለመምህር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ይህን ሁሉ የምለው የተያዘው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ስለምታውቁ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። መሥሪያ ቤታችሁ ቁጥሩን ሳይሸፍን ለሕዝብ መግለጹን አከብራለሁ። በ2016 ዓ.ም. ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩም ስርቆትን ለመቀነስ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ግን ኮምፒውተሩ የሚለካው ልጁ ያወቀውን ነው፤ ያላወቀውን አይጨምርለትም። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው በአገራችን ከአስር ልጆች ዘጠኙ በአስር ዓመታቸው ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እነዚያ ልጆች ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ 9ኛ ክፍል እኔ ዘንድ ይመጣሉ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሒሳብ ጥያቄ ሰጥቼ እንዲፈቱት እጠብቃለሁ። ለእነሱ ታብሌት መስጠት የማያነቡትን ጽሑፍ በሚያበራ ሰሌዳ ላይ ማሳየት ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ እንዲህ ነው። ከማንኛውም ስክሪን በፊት መጽሐፉ በእያንዳንዱ ልጅ እጅ ይግባ፤ ለሁለት አንድ፣ ለሦስት አንድ ሳይሆን ለአንድ አንድ። ገንዘቡ ለሁለቱም አይበቃም ከተባለ መጽሐፉ ይቅደም። ለክፍል የሚገዛ መሣሪያ ደግሞ መምህሩ በፈለገው ደቂቃ የሚያቆመው፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው፣ ኔትወርክ ባይኖርም የሚሠራ፣ ሲበላሽም ወረዳው ውስጥ የሚጠግነው ሰው ያለው ይሁን። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የፕላዝማው የብረት ሣጥን ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በመላ አገሪቱ ከመሠራጨቱ በፊት ይፈተን። በከተማም በገጠርም ጥቂት ትምህርት ቤቶች ምረጡ። በአንደኛው ክፍል መሣሪያው ይግባ፣ በተመሳሳዩ ሌላ ክፍል አይግባ፤ ለማይገባበት ክፍል የዚያኑ ያህል ገንዘብ ለመጽሐፍና ለመምህር ሥልጠና ይዋል። ከዓመት በኋላ ሁለቱንም በአንድ ፈተና መዝኑ። ውጤቱን፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ እንደ 12ኛ ክፍሉ ውጤት ለሕዝብ ንገሩን። መሣሪያው ካሸነፈ እኔ የመጀመሪያው ደጋፊ ሆኜ እሰለፋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ባልደረቦቼን በነፃ አሠለጥናለሁ። ካላሸነፈ ግን የድሃ አገር ገንዘብ ነውና ይዳን። ሙከራውን የሚያቅዱት ሰዎች መካከል መሣሪያውን የሚሸጠው ሳይሆን ክፍል ውስጥ የሚቆመው ይቀመጥ። የእኔ ክፍል ለዚህ ክፍት ነው። መጥታችሁ ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ፣ ደብተራቸውን ገልጣችሁ እዩ፤ ጥያቄዎቹ እስከ መጨረሻው ተጽፈው እንደሆነ ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ይነግራችኋል።

የፊዚክሱ መምህር ከቀሩት ሁለት ዓመታት አንዱን ጨርሰዋል። በሚመጣው ዓመት ሰኔ ይሰናበቱናል። በሻይ ሰዓት በተገናኘን ቁጥር "መልስ መጣልህ?" ይሉኛል። ከመውጣታቸው በፊት ብነግራቸው ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር